ፈረሷ ነግራኝ ነበር
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከውጭ ያገኘሽውን ልምድ ትንሽ አካፍዪን» ሲሉኝ፣ ስለ ፈረስ ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ አዲስ መድኃኒት የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የማወራው ስለ በርሜል ነው። ከኋላ የሚስቁት የኛ ባች ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። ቆይ ታገሡኝ።

እኔ በምኖርበት በቴክሳስ ባረል ሬሲንግ የሚባል የፈረስ ውድድር አለ። ሦስት ባዶ የብረት በርሜሎች፣ ያው እዚህ ነዳጅ የምንይዝባቸው ዓይነት፣ ሜዳ ላይ በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 90 ጫማ፣ ከእነሱ እስከ ሦስተኛው 105 ጫማ፣ ከመነሻው መስመር እስከ ፊተኞቹ ሁለቱ 60 ጫማ ነው። ፈረሰኛዋ በሽምጥ ትገባና አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ ዞራ፣ በመሐል ቀጥ ብላ ትወጣለች። ዱካውን ከላይ ብታዩት የማገጥ ቅጠል ይመስላል። በርሜል ከጣለች አምስት ሴኮንድ ይጨመርባታል። ጎበዝ ፈረስ ይህን ሁሉ በ17 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል። እኔ «እንኳን በደህና ተገናኘን» ብዬ ሳልጨርስ አለቀ ማለት ነው።

ውድድሩ የሴቶች ነው ቢባል ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሳን አንጀሎ በምትባል የቴክሳስ ከተማ 38 ሴቶች ተሰብስበው የራሳቸውን የሮዴዮ ማኅበር አቋቁመዋል። ሻርሜን ጄምስ የምትባል ልጅ ደግሞ ስካምፐር በተባለው ፈረሷ ከ1984 እስከ 1993 አሥር ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። በ1985 ላስ ቬጋስ ላይ ወደ ሜዳ ሲገቡ የፈረሱ ልጓም ተበጠሰ። ፈረሱ ሦስቱንም በርሜል ዞረላት፤ ያን ዙርም አሸነፈች። እዚያ አገር ፈረስ የሚወድ ሁሉ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ያወራዋል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር። የፈረሱን ታማኝነት ነበር የማደንቀው እንጂ ያን የመሰለ ፈረስ የሚሆነው ምን ያህል ሲሠራ እንደሆነ አላሰብኩም።

እንዴት እዚያ ውስጥ ገባሽ ላላችሁኝ፤ አሜሪካ እንደደረስኩ እንደማንኛችንም የውጭ ምሩቅ የኢሲኤፍቪጂ ፈተናዎች ነበሩብኝ። እስካልፋቸው ድረስ አንድ የፈረስ ክሊኒክ ውስጥ ጋጣ እየጠረግሁ፣ ፈረስ እየያዝኩ ሠራሁ። ደንበኞቹ ከግማሽ በላይ በርሜል የሚጋልቡ ሴቶች ናቸው። አንዲት ወደ ሰባ የሚጠጉ ሴትዮ ነበሩ፤ በስማቸው ጥሪኝ ቢሉኝ አፌ እምቢ አለኝ። ደግነቱ ቴክሳስ ውስጥ ትልቅ ሰውን «ማም» ማለት ያስከብራል እንጂ አያስቅም፤ በሆዴ ግን እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ፈረሳቸውን ስመልስ ኮርቻ ላይ አወጡኝ። እንጅባራ አካባቢ ነው ያደግሁት። ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ሲወጡ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ የማይ ልጅ ነበርኩ፤ እኛ ቤት ፈረሱ ለወንድሞቼ ነበር። እና ኮርቻ ላይ ስወጣ ዕድሜዬ 33 ነበር። በቃ፣ አልወረድኩም።

ፈተናዬን ጨርሼ ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ባዝራ ገዛሁ። ኳርተር ሆርስ ናት፣ ዳማ። ስሟንም ዳማ አልኳት። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ነው፤ እኔንም እዚያ ያሉ የሀበሻ ጓደኞቼ «እማ ዳማ» ይሉኛል። ሹመት ሳይኖር የፈረስ ስም!

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዳማ የመጀመሪያውን በርሜል ስትዞር ወደ ውጭ መውጣት ጀመረች። ሁለቱን የግራዎቹን እንደ ድሮዋ ታጥፋለች፣ የቀኙን ግን ሰፍታ ነው የምትዞረው። ቀጥሎ መግቢያው በር ላይ ትቆም ጀመር። ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ትሽከረከራለች፣ አልገባም ትላለች። «ጠገበች» አልኩ። ልምምድ ጨመርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን አምስት አደረግሁት። ጠንከር ያለ ልጓም ገዛሁ። አለንጋም ያዝኩ፤ ያዝኩ ብቻ አይደለም፣ መታኋት። ማታ ከሥራ ስወጣ በመብራት እለማመዳለሁ፤ ዝናብ አይል፣ ድካም አይል። ጓደኞቼ «ያንቺ ትጋት!» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

አንድ ዓርብ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ወጣት ፈረሷን አመጣች። «የመጀመሪያውን በርሜል እየሰፋ ይዞራል፣ በር ላይም ያምፃል፣ አመል አውጥቷል» አለች። እኔ ሳትጨርስ «አመል አይደለም። በቀኝ መታጠፊያ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው የቀኝ የኋላ እግር ነው። ሆኩን እንየው» አልኳት። አየን፤ ሆኩ ነበር። ትንሽም ተቆጣኋት መሰለኝ፤ «እንስሳ በአፉ አይናገርም፣ አንቺ ነሽ ማየት ያለብሽ» ብያታለሁ።

ወደ ቤቴ እየነዳሁ ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዬን ዳር አቆምኩ።

የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ መብራት አበራን። የዳማን የቀኝ የኋላ እግር አጥፌ ስልሳ ሴኮንድ ያዝኩና ለቀቅሁት፤ ልጁ በሶምሶማ መራት። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት እርምጃዎች አነከሰች። ለማረጋገጥ ሁለተኛ አላስፈለገኝም። ሰኞ ራጅ ስናነሳት የታችኞቹ የሆክ መገጣጠሚያዎች አርትራይተስ ጀምሯቸው ነበር። ስንት ወር ነግራኝ ነበር? ቢያንስ አምስት ወር።

እዚህ ላይ አንድ መምህራችንን ላንሣ። ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። የደብረ ዘይት የጋሪ ፈረስ ወደ ክሊኒክ በመጣ ቁጥር፣ ገጣባው አፍጥጦ እየታየ እንኳ እንድንነካው አይፈቅዱም ነበር። «እጃችሁን ኪስ!» ይሉናል። ጋሪው ይፈታል፣ ባለቤቱ ሃያ እርምጃ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል። ሁለት ጊዜ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እናጉረመርማለን፤ ቁስሉ እኮ ይታያል፣ ምን ያስኬደዋል? ዶክተር፣ ያን ጊዜ በጣም ካጉረመረሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ጋሪ ለሚጎትት የሰው ፈረስ ያደረግሁትን ለራሴ ፈረስ አላደረግሁም። ኮርቻ ላይ ሆኜ ስትራመድ አላያትም፤ ሰዓቱን ነበር የማየው።

የክልሉ ፍጻሜ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ አልፌያለሁ፣ ከፍያለሁም። እውነቱን ለመናገር መገጣጠሚያዋን ወግቼ መሮጥ እችል ነበር። መርፌው ራሱ ነውር የለውም፤ ሕክምና ነው፣ በኋላም ወግቻታለሁ። ከመርፌው ማግስት ኮርቻ መጫኑ ነው የከበደኝ። አንዷ የጋጣ ጎረቤቴ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለችኝ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። መዝገቤ ላይ ፍጻሜ የሚል ቃል ማየት ፈልጌ ነበር፤ ለናቴም ፎቶ እልካለሁ ብያት ነበር። ሦስተኛው ቀን ስሜን አስወጣሁ። የከፈልኩት አልተመለሰልኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ወር ለወሬ አይመችም፤ እርምጃ ብቻ ነው። ጫማ አሠሪው የኋላ ኮቴዋን አስተካከለ፤ እሷ አረፈች፣ ታከመች። ከዚያ በልጓም እየመራሁ መራመድ፣ ቀጥሎ ተቀምጬባት መራመድ። በርሜሎቹን በእርምጃ መዞር እትዬ ነበሩ ያስጀመሩኝ። እሳቸው አጥር ተደግፈው ቡና ይዘው ያዩኛል። በእርምጃ ስትሄዱ ግን የምትደብቁት ነገር አይኖርም። እጄ ገና በርሜሉ ሳይደርስ የውስጡን ዛብ ይጎትታል፤ ትከሻዬ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ የሷም አብሮ ይወድቃል። ዓይኔ በርሜሉ ላይ ተተክሏል፤ ፈረስ ደግሞ ዓይናችሁ ወዳለበት ነው የሚሄደው። እትዬ «በርሜሉ የትም አይሄድም፤ ከሱ ቀጥሎ የምትሄጂበትን እዪ» ይሉኛል። በሽምጥ ስንገባ ያን ሁሉ ጥፋቴን ስትሸከምልኝ የኖረችው ያ የቀኝ እግሯ ነው። ከመታጠፊያው ሁለት እርምጃ ቀደም ብዬ ኮርቻ ላይ ጠለቅ ብዬ መቀመጥ፣ እጄን ዝም ማሰኘት፣ በርሜሉና በጉልበቴ መካከል ቦታ መተው፤ ይህን ለመማር አራት ወር ፈጀብኝ። አለንጋውን ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም።

ስንመለስ ምን ሆነ ብትሉ፣ ሻምፒዮን አልሆንኩም። አካባቢያችን ባሉ ውድድሮች ሰዓት በምድብ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ምድብ ከፈጣኗ በግማሽ ሴኮንድ፣ ሦስተኛው በአንድ ሴኮንድ ይዘገያል። በፊት ሦስተኛ ምድብ ውስጥ ነበርን፤ ሁለተኛ ምድብ ገባን። ለዚያች ግማሽ ሴኮንድ ዓመት ተኩል። ባለቤቴ ሒሳቡን ሠርቶ ሊያሳየኝ ሞክሮ ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ዳማ ዘንድሮ 17 ዓመቷ ነው። ውድድር ትታለች። አሁን የሚጋልባት የዚያ መብራት የያዘልኝ ልጅ ታናሽ እህት ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው፣ በርሜሎቹን በሶምሶማ ትዞራለች። ወደዚህ ልመጣ ስል ቅዳሜ ጠዋት መጥታ «ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ላስሩጣት?» አለችኝ። ውረጂ አልኳት። ዛቡን ይዛ እስከ በሩ ወሰደቻት፣ መለሰቻት። ድጋሚ ወሰደቻት፣ መለሰቻት። እጄን ኪሴ ከትቼ አየሁ። በቀኝ በኩል ምንም አልነበረም።

«ውጪባት» አልኳት።