የታላላቅ መንግሥታት ፉክክርና የኢራን ነዳጅ ዘይት



ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። የኢራን ታሪክ ግን ዝሆኖቹ ሲታረቁም ሣሩ እንደሚረገጥ ያስረዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. እንግሊዝና ሩሲያ ፉክክራቸውን ለማብረድ ሲስማሙ፥ ያን ጊዜ ፋርስ ትባል የነበረችውን አገር ባለቤቶቿን ሳይጠይቁ፥ ሰሜኑን ለሩሲያ፥ ደቡብ ምሥራቁን ለእንግሊዝ የጥቅም ክልል አድርገው ተከፋፈሏት። በ1908 በመስጂድ ሱሌይማን ነዳጅ ዘይት ተገኘ፤ በ1914ም የእንግሊዝ መንግሥት የኩባንያውን አብላጫ ድርሻ ገዛ። በ1941 እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት በጀርመን ላይ በተባበሩ ጊዜ፥ ኢራንን በጦር ኃይል ያዟት።

ወዳጅነቱ ፈርሶ ጠብ ሲተካም ዕረፍት አልተገኘም። በ1951 የኢራን ምክር ቤት ዘይቱን የመንግሥት ሀብት ቢያደርግ፥ እንግሊዝ ዘይቱ በውጭ አገር እንዳይሸጥ አገደች፤ አሜሪካም ኢራን በኮሙኒስቶች እጅ እንዳትወድቅ ሠጋች። በ1953 የሁለቱ መንግሥታት የስለላ ድርጅቶች ባቀነባበሩት ሤራ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሐመድ ሞሳዴቅ ከሥልጣን ወረዱ። ለጊዜው ጸጥታ የሰፈነ መሰለ፤ ነገር ግን ቂሙ በሕዝቡ ልብ አድሮ በ1979 አብዮት ጊዜ ገነፈለ።

እንግዲህ መምህር ካርታ ዘርግቶ የዘይት ጉድጓዶችን ሲያሳይ፥ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚኖረውን ሕዝብ ጭምር ያሳይ። የዚያ ሕዝብ ፈቃድ ያልተጠየቀበት ሰላም በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው።