የላም ወተት ላልተስማማው ሕፃን የላም ወተት በቆርቆሮ!

(በእናቶችና በጤና ባለሙያዎች የምክክር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማዬ የጋዜጠኝነት ነው፤ ኑሮዬም ከጋዜጣ ጋዜጣ እየዞርኩ ጽሑፍ መሸጥ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ላይ ደም ሲታይ፣ ቆዳው ሲቆጣና ሲያሳክከው፣ የጠባውን መልሶ ሲያወጣ፣ ብዙ እናቶች «ጡት አስጥይው» የሚባሉት ለምንድን ነው?

የራሴን ልንገራችሁ። ልጄ ሦስተኛ ወሩን ሊይዝ ሲል ጨርቁ ላይ ክር የመሰለ ደም አየሁ። ልጁ ይጠባል፣ ይስቃል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ስሙን እዚህ የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሰገራው እንኳ ሳይመረመር «አሜባ ይሆናል» ተብሎ ሽሮፕ ተጻፈልኝ። በሳምንቱ ደሙ አልቆም ሲል ተመለስኩ። «እንግዲያው ወተትሽ ነው ያልተስማማው፤ ጡቱን ትተሽ ይህን ግዢለት» ተባልኩና የቆርቆሮ ወተት ስም ያለበት ብጣሽ ወረቀት ተሰጠኝ። ፋርማሲ ሄጄ ቆርቆሮውን አገላብጬ ሳነበው በውስጡ አለ ከተባለው ሁሉ ከፊት የተጻፈው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የላም ወተት ዱቄት!

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። በኋላ ጠይቄና አንብቤ እንደተረዳሁት፣ ሕፃኑን የሚያስቆጣው የእናቱ ወተት ራሱ አይደለም። እናትየዋ ከበላችውና ከጠጣችው የላም ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን እጅግ በጥቂቱ በጡቷ አልፎ ልጁ ዘንድ ይደርሳል። የአንዳንዱ ሕፃን ሰውነት ያቺን ጥቂት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣባታል። ጡት ብቻ ከሚጠቡ ሕፃናት መካከል ይህ የሚያጋጥመው ከ200 አንዱን ያህል ነው። እንግዲህ ያንን ሕፃን ከጡት አላቅቆ ተራውን የቆርቆሮ ወተት መስጠት ማለት፣ ጠብታ ያስቆጣውን ልጅ በጡጦ ሙሉ መጋት ነው። «የፍየል ወተት ሞክሪለት» የሚሉም አሉ። የፍየሉም ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል መፍትሔ አይሆንም። ለእንዲህ ያለ አለርጂ ተብሎ ፕሮቲኑ የተሰባበረ ልዩ የቆርቆሮ ወተት በዓለም ላይ መኖሩ እውነት ነው። እኔ ፈልጌ ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አላገኘሁትም። ደግሞስ ጡት ያላት እናት ምን ይሠራላታል?

የሚያስፈልጋት አንድ ጥያቄ የሚጠይቃት ባለሙያ ነው፤ «አንቺ ምን ትበያለሽ?» የሚላት።

እስቲ ወደ አራስ ቤት እንግባ። እናት ወልዳ ስትተኛ ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይሞላበታል። ጠዋት አጥሚት፣ ከሰዓት ወተት፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ቅቤ ጨምሩላት፣ ወገቧ ይጠና» ይባላል። የፍቅር ነገር ነው፣ ማንም በክፋት አያደርገውም። ነገር ግን ልጇ የላም ወተት አለርጂ ላለበት እናት፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተረባርቦ የሚያበላት ልጇን የሚያሳምመውን ነው። ከአራስ ቤት ስትወጣ ደግሞ ጨጨብሳው፣ ክትፎው፣ እርጎው፣ አይቡ፣ የክሬም ኬኩ፣ የከሰዓቷ ማኪያቶ ይቀጥላል። ምግብ ቤት የሚቀርበው ተጋቢኖ እንኳ ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። የተነጠረ ቅቤም ቢሆን ከወተት ፕሮቲን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም።

ታዲያ እኛ አገር ይህን ማስቀረት እንደ ፈረንጅ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሕዝብ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ማዕድ መሥራት ያውቅበታል። ሆኖም እዚህ ላይ ባለሙያዎቻችን እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። «የጾም ምግብ ብይ» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው። የምታጠባ እናት የምትተወው ወተትና የወተት ውጤትን ብቻ ነው እንጂ ሥጋውንና እንቁላሉን አይደለም። በቀን ወደ 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ወተት ሲቀር ጤፍና ጎመን በርከት ብለው መግባት አለባቸው፤ ካልበቃም እንክብሉ ይታዘዝላት። ልጁን ለማዳን እናቲቱን ማመንመን ሕክምና አይባልም።

ምርመራው ራሱ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ ሰገራው ይታያል፤ ደም የሚያመጣ ተቅማጥ ስላለ ያ መለየት አለበት። ከዚያ እናትየዋ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወተት ነክ ነገርን ሁሉ ትተዋለች፣ ጡቷን ግን አትተውም። ልጁ ከተሻለው መልሳ ትበላለች። ምልክቱ ከተመለሰ አለርጂ ነው፤ ካልተመለሰ አይደለም፣ እናትም ማኪያቶዋን በሰላም ትጠጣ። ይህ መልሶ የመሞከሩ ነገር ነው ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው፤ በከንቱ ዓመት ሙሉ የምትራብ እናት የምትፈጠረውም በዚሁ ነው። ደም ብቻ የሚያሳዩና ሌላ ችግር የሌለባቸው አብዛኞቹ ሕፃናት አንድ ዓመት አካባቢ ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። የእኔም ልጅ ዛሬ አይብ በጎመን ይበላል።

ሌላ ዓይነት አለርጂ ደግሞ አለ። ይህኛው ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ሕፃኑ ወተት ነክ ነገር በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ሰዓት፣ ሰውነቱ ከተንደበደበ፣ ከንፈሩና ዓይኑ ካበጠ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ገርጥቶ ከዛለ ሩጫ ነው። መድኃኒቱ ጭኑ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ግን ሌሊት ተረኛዋ ነርስ የሕፃኑን መጠን ታውቀዋለች? ቁም ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው? እዚህ የተቀመጣችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

መልስ ያጣች እናት የት እንደምትሄድ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ልጁ ሲያስመልስና ሲነጫነጭ «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወደ ቆራጩ ይወሰዳል። ምላጩ ለስንቱ እንደዋለ የሚያውቅ የለም። ልጁ ሊደማ፣ ሊያመረቅዝ፣ ሊሞትም ይችላል። ክሊኒኩ በአምስት ደቂቃ የሸኛትን እናት ቆራጩ ቁጭ አድርጎ ያዳምጣታል። አትሂጂ እያሉ ከመቆጣት በፊት እሱን ማሰብ ይበጃል።

በሌላ በኩል ያለቀሰ ሁሉ አለርጂ ነው እንዳይባል እሰጋለሁ። እንግሊዝ አገር የደረሰውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለላም ወተት አለርጂ የሚታዘዘው ልዩ የቆርቆሮ ወተት በዓመት 105 ሺህ ማዘዣ ያህል ነበር፤ በ2016 ከ600 ሺህ በላይ ሆነ። የመንግሥት ወጪውም ከ8.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 60 ሚሊዮን ዘለለ። በሽታው ግን በዚያው ልክ መጨመሩን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ይህን ያወጣው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በ2018 ሲሆን፣ ስለ አለርጂው መመሪያ ከሚያወጡት ሐኪሞች ብዙዎቹ ከወተት ፋብሪካዎቹ ጋር የገንዘብ ግንኙነት እንዳላቸውም ጽፏል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ያቀረሻል፣ ፊቱ ላይ ሽፍ ይላል፤ አብዛኛው ጤነኝነት ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ የቆርቆሮ ወተት ንግድን የሚገታውን ደንብ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ነበር። ነጋዴው ግን በር ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል፤ የአሁኑ መስኮት አለርጂ የሚለው ቃል ነው።

ስለ መንግሥትም አንድ ነገር ሳልል አልወርድም። በየዓመቱ በሐምሌ መጨረሻ የጡት ማጥባት ሳምንት ይከበራል። ስድስት ወር ጡት ብቻ ይባላል፤ ትክክል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። ታዲያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ስድስት ወር ስንት ቀን እንደሆነ ለባለሥልጣን ማስላት አለብኝ እንዴ? የጉልት ቸርቻሪዋማ 90 ቀኑንም አታውቀው። ልጇ አለርጂ ያለበት እናት ደግሞ ከሌላው ይብስባታል። ሥራ ገብታ ጡቷ ሲደርቅ በእጇ የሚቀረው ያው የላም ወተት ነው።

ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ከመካከላችሁ ለነሱ ሥልጠና የምታዘጋጁ እንዳላችሁ አውቃለሁና የምለምነው ይህን ነው። በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ሁለት ሰዓት ለዚህ ይመደብ። በሕፃኑ ካርድ ላይ እናት የምትበላው የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር። ለእናትየዋም አራት ሳምንት የምትተወውንና በምትኩ የምትበላውን የሚነግር አንድ ገጽ ወረቀት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌላውም ቋንቋ ይታተምላት። የወረቀቱን ጽሑፍ እኔ በነፃ አዘጋጃለሁ፤ ሐኪሞቹ ያርሙልኝ። አሁን መድረኩን ለእነሱ እለቃለሁ፤ የአድሬናሊኑን መጠን በኪሎ አስልተው ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉልን እጠይቃለሁ።