ኮምጣጤውና አንዱ ደቂቃ

እሷ፦ እዚህ ሳንጃ ላይ የካንሰር ወሬ ከተነሣ መድረሻው ጎንደር፣ ከዚያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው።

እሱ፦ አይፈረድም እህቴ። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የነበረው እዚያው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚህ ቆላ ተነሥቶ አዲስ አበባ ወረፋ መጠበቅ ቤት ይፈታል።

እሷ፦ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራን የምወደው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። ነርሷ ለምርመራ የተዘጋጀ ኮምጣጤ በጥጥ ነክራ የማህፀን በሩን ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ከዚያ በመብራት ታያለች፤ ጤነኛው እንዳለ ይቆያል፣ መለወጥ የጀመረው ይነጣል።

እሱ፦ የነጣ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት ነው?

እሷ፦ ኧረ አይደለም! አብዛኛው ገና ካንሰር አልሆነም። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል። የሚያጠራጥር ከሆነ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ ይላካል።

እሱ፦ «ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ?» የምትልስ?

እሷ፦ ችግሩ እሱ ላይ ነው። የካንሰሩ መነሻ ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይህን ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ቫይረሱ ካንሰር እስኪያመጣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል፣ ያውም ያለ ሕመም።

እሱ፦ ክትባቱስ?

እሷ፦ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። «ያመክናል» የሚሉ አልጠፉም፤ ሐሰት ነው።

እሱ፦ ልጄስ ተከትባለች፤ ያልተመረመረችው እናቷ ናት።

እሷ፦ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ይዘሃት ሂድ እንጂ!