አፍና ጭንቀት በፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ጠቅላላ ስብሰባችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በመዋጮ፣ በድንኳንና በጠፋ ድስት ጭቅጭቅ ነው። ዛሬ ኮሚቴው ጥቂት ደቂቃ ስለ ፈቀደልን፣ በሕይወት እያሉ ከመካከላችን ቀስ በቀስ ስለሚርቁ ሰዎች እንናገራለን። እነዚህም ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ያደረባቸው ናቸው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ሲሆን፣ እርሱም ስለዚሁ መንቀጥቀጥ የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. ነው። ዶፓሚን የተባለውን፣ አካል እንደ ልብ እንዲታዘዝ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ይመጣል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የእጁን መንቀጥቀጥ ሁሉም ያያል። አፍ ውስጥ የሚሆነውን ግን የቤት ሰው እንኳ ልብ አይለውም።

ለሐጩ ሲዝረበረብ ምራቁ የበዛበት ይመስለናል። ነገሩ ሌላ ነው። ጤነኛ ሰው ሳያስበው ምራቁን በየጊዜው ይውጣል፤ ሕመምተኛው ግን መዋጡ ስለሚዘገይ ምራቁ ይጠራቀምበታል። በሌላ በኩል ለመንቀጥቀጥ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አርቴን፣ አፍ ያደርቃሉ። ጥርስን የሚያጥበው ምራቅ ነውና አፍ ሲደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበላል፣ ድድም ይቆስላል።

በዚህ ላይ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቀጭን ብሩሽ ይዞ የኋላ ጥርስ መድረስ ይቸግረዋል። መፋቂያም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ የብሩሹን እጀታ በጨርቅ መጠቅለል ወይም የብስክሌት መሪ ጎማ ማልበስ፣ ሕመምተኛውን አስቀምጦ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ ይረዳል። ማታ ማታ ደግሞ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በባትሪ አፉን ይይለት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው እንደ ሆነ ሌሊት ይወልቅ፣ ይታጠብ።

ይህን ያህል ስለ ጥርስ ማውራት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ምራቅና ምግብ ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ሲገባ፣ ካልጸዳ አፍ ጀርሙን ይዞ ይገባል። ፓርኪንሰን ያለባቸውን ሰዎች ለሞት ከሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ አፍን መጠበቅ ዕድሜን መጠበቅ ነው ብንል አላጋነንም።

ወደ ጭንቀቱ እንምጣ። ሐኪም ሲመረምር ሕመምተኛውን ከመቶ ወደ ኋላ ቁጠር የሚለው፣ አእምሮ ሲወጠር ተደብቆ የነበረው መንቀጥቀጥ ብቅ ስለሚል ነው። እኛ ደግሞ ሳናውቀው በየድንኳኑ ይህንኑ ምርመራ እናደርጋለን! ጢም ያለ ሲኒ እንሰጣቸውና እጃቸውን እናያለን። ቡናው ይፈሳል፤ ያፍራሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጡም። ብቻቸውን ሲውሉ ምግቡም የአፍ ንጽሕናውም ይሰለቻቸዋል፤ ጥርስ ሲያምም እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ጭንቀቱና ድባቴው ከበሽታው ከራሱ የሚመጣም ስለሆነ «አይዞህ፣ በርታ» ብቻ አይበቃም፤ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትወስዷቸው ቀጠሮው መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን፤ ሌቮዶፓ የሚወስዱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ወንበሩ በጣም አይጋደም፣ ምራቅ ያንቃቸዋል። ሲነሡም ቀስ ይበሉ፣ የደም ግፊታቸው ድንገት ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። ለጥርስ ተብሎ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የምናቀርበው ነገር አለን። በደንባችን ከቀብር የቀረ ይቀጣል። በዚህ በሽታ ምክንያት የሚቀሩት ከቅጣቱ ነፃ እንዲሆኑ፣ ይልቁንም ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቀሩ እንደ ሆነ አንድ ጎረቤት ሄዶ እንዲጠይቃቸው ሐሳብ እናቀርባለን። ለሚመጡትም በድንኳኑ ዳር መደገፊያ ያለው ወንበር ይያዝላቸው፤ ቡናውም በትልቅ ኩባያ፣ እስከ ግማሽ ብቻ ይቀዳላቸው።