አደራ የጠበቁና አደራ የበሉ
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ አደራ መስጠቱ ነው። አደራም የሚፈተነው በደኅና ቀን ሳይሆን በመከራ ቀን ነው። ለዚህም በኮሪያ ባሕር የደረሰው የሴዎል መርከብ አደጋ ታላቅ ምስክር ይሆናል።

ሚያዝያ 8 ቀን 2006 ዓ.ም. ይህች መርከብ 476 ሰዎች ይዛ ከኢንቾን ወደ ጄጁ ደሴት ትጓዝ ነበር። ከእነዚህም 325ቱ የዳንዎን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፥ 14ቱም መምህራኖቻቸው ነበሩ። የተጫነባት ዕቃ ከተፈቀደላት ከእጥፍ በላይ ስለ ነበረ፥ ሚዛኗን የሚጠብቀውም ውሃ ስለ ተቀነሰ፥ በጠዋት አቅጣጫ ስትለውጥ በጎኗ ተጋደመች። ለሦስት ሰዓት 8 ደቂቃ ሲቀረው በስልክ ርዳታ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው መርከበኛ ሳይሆን አንድ ተማሪ ነበር። እርሱ ግን ከባሕሩ በሕይወት አልተመለሰም።

በድምፅ ማጉያው ተሳፋሪዎች ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ ይነገር ነበር። ልጆቹም ታዛዦች ነበሩና ተቀመጡ፤ ካፒቴኑ ግን ሕዝቡን ጥሎ ቀድሞ ወጣ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ጸናበት።

ሹሙ አደራውን ሲበላ፥ አደራ ያልተቀበሉት ግን አዳኞች ሆነው ተገኙ። አንዲት የ22 ዓመት የመርከብ ሠራተኛ የራስዋን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለተማሪ ሰጥታ ሌሎችን ስታስወጣ ሞተች። አንድ የጭነት መኪና ነጂ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ወደ ታች እየለቀቀ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎችን ጐትቶ አወጣ። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆችም በትንንሽ ጀልባዎቻቸው ደርሰው ከውሃ ያገኙትን አነሡ።

መምህራኑስ? ለመውጣት ከሚቀለው ከላይኛው ፎቅ ተማሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ታች የወረዱ ነበሩ። ከ14ቱ 11ዱ በዚያው ቀሩ። በጠቅላላው 172 ሰዎች ሲተርፉ 304 ጠፉ፤ ከጠፉትም 250ው ተማሪዎች ነበሩ።

ከሞቱት መምህራን ሁለቱ በውል የተቀጠሩ ስለ ነበሩ፥ እንደ ቋሚዎቹ በሥራ ላይ እንደ ሞቱ ሳይቈጠሩ ቀሩ። ቤተ ሰቦቻቸው ከሦስት ዓመት በላይ ከተከራከሩ በኋላ፥ ግንቦት 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በኮሪያ የመምህራን ቀን ፕሬዚዳንት ሙን ጄኢን እንዲታረም አዘዙ፤ በዚያው ዓመትም ክብራቸው ታወቀላቸው። ባሕሩ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም፤ የለየው መዝገቡ ነው። የመምህራን ማኅበር ለአባሎቹ ሊቆም የሚገባውም እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ልጅ መታዘዝን ብቻ ሳይሆን ማስተዋልንም ይማር። ትእዛዝ ዐይኑ እያየ ወደ ሞት ሲወስደው፥ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው፥ በጣናም ሆነ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተማሪዎችን በጀልባ የሚያሻግር መምህር፥ ከመሳፈሩ በፊት ጭነቱን ይመልከት፤ ልጆቹን ይቍጠር፤ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ታስሮ ይይ። ጀግንነት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ በጐደለበት ቦታ ነውና፥ ተማሪዎቹን ሁሉ ቈጥሮ ወስዶ ሁሉንም ቈጥሮ የሚመልስ መምህር ስሙ ባይጠራም አደራውን ጠብቋል።