ስለ ጓሮና ስለ ነፃነት
(በዲላ ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ከመጀመሪያው አቋሜን ብገልጽ ይሻላል፤ እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ይህ ቃል በተማሪ መካከል እንደ ስድብ ሲቈጠር ብዙ ዘመን ኖሯል። ወግ አጥባቂ ሲባል የጉልተኛ ጠበቃ፤ የአሮጌ ወንበር ዘበኛ ይመስላል። አሁንም ከወደ ኋላ የሚስቁ ወጣቶች አያለሁ። ይሁን፤ ሣቅ ከጩኸት ይሻላል፤ እየሣቁም ቢሆን ማዳመጥ ይቻላልና።

ነፃነት ምንድን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። እኔ ግን ለዕለት ኑሮ የሚበቃ አጭር ትርጉም ይዤ እኖራለሁ፤ ይኸውም ሰው በደከመበት ነገር ላይ ጌታ ሆኖ እንዲያድር፤ በሚመለከተውም ጉዳይ እርሱ ሳይጠየቅ እንዳይወሰንበት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ነፃነት ሊኖር ይችላል፤ ይህ በሌለበት አገር ግን የሚበልጠው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ፤ ግራና ቀኙ ደን ይመስላችኋል። ደን አይደለም፤ ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛው፤ ብርብራውና ሰሳው ይታያል፤ ከሥራቸው እንሰቱና ቡናው፤ ከእንሰቱም ሥር ጎመኑና ጎደሬው። ቁልቁለቱ እንዲህ የበረታ ስለ ሆነ በበሬ ቢታረስ አፈሩ በአንድ ክረምት ወንዝ ይገባ ነበር፤ ስለዚህ ገበሬው በእጁ ይቈፍራል። የዛፉ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያበላል፤ ጥላው ለቡናው ይሆናል፤ እንሰቱ ውኃ ይዞ ይቈያል። የብዙው ገበሬ ይዞታ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም በዚህች ቁራጭ መሬት ቤተ ሰብ ይኖራል።

የእኔ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ይህ ጓሮ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ለውጥን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ በየቀኑ ይለውጣል። ያረጀውን ቡና ይጐነድላል፤ ከጕቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። የደረሰውን እንሰት አንድ በአንድ ይነቅላል፤ በቦታውም ችግኝ ይተካል። አባት የተከለው ዋንዛ ለልጁ ቤት ይቈረጣል፤ ልጁም ለልጁ ይተክላል። ነገር ግን ጓሮውን በሙሉ በአንድ ቀን መንጥሮ፤ «ከነገ ጀምሮ አዲስ ጓሮ» የሚል ገበሬ አላየሁም። ቢልም እንሰቱ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃልና እስከዚያ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው ወግ አጥባቂ።

አንዳንዶቻችሁ፤ «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የድሮው ሥርዓት ገበሬውን ሲገፋው የት ነበራችሁ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚሁ አጠገባችን አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ሚችሌ በተባለው ቦታ የጌዴኦ ጢሰኞች ጦርና ጎራዴ ይዘው፤ ጠመንጃ ከያዙ ባለመሬቶች ጋር ተጋጠሙ። ጠቡ ባለመሬቱ ከምርቱ በሚወስደው ድርሻ ላይ ነበር። ጦር ጠመንጃን አልቻለም፤ ብዙ ገበሬም አለቀ። ይህን ነገር ሰዎች በአብዮት ታሪክ ውስጥ ያስገቡታል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። እነዚያ ገበሬዎች አዲስ ዓለም እንገንባ አላሉም፤ እኛና አባቶቻችን የተከልነው ተክል ፍሬ ለእኛ ይሁን ነው ያሉት። መሬቱ በቃላድ ተለክቶ በሌላ ሰው ስም ሲጻፍ፤ ተካዩ በገዛ ተክሉ ሥር ጢሰኛ ሆኖ ተገኘ። አሮጌውን ሥርዓት ያፈረሰው እንግዲህ ማን ነው? ቃላድ ጣዩ ነው ወይስ ጦር ያነሣው?

ኤድመንድ በርክ የተባለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የአሜሪካ ቅኝ ሰዎች ስለ ግብር ያቀረቡትን አቤቱታ ደግፎ ተከራክሯል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ደግሞ የፈረንሳይን አብዮት የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጣ። በጊዜው ብዙ ሰዎች «ይህ ሰው ተገለበጠ» አሉት። እኔ እንደሚገባኝ አልተገለበጠም። የያዘውን መብት የሚጠብቅን ሕዝብ ደገፈ፤ አገርን እንደ ባዶ ወረቀት የሚቈጥረውን ደግሞ ተቃወመ። ሚችሌን ቢያይ ኖሮ ከጢሰኞቹ ጋር ይቆም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ይህን የማይቀበል ወግ አጥባቂ ካለ ስሙን ይለውጥ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ጢሰኝነትም ቀረ። ያን ዕለት በጌዴኦ ኮረብታዎች የነበረውን ደስታ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ነገር ግን አዋጁን አንብቡት፤ መሬቱን የሕዝብ ሀብት አደረገው እንጂ ላራሹ አልሰጠውም። መሸጥንና ማከራየትን ከለከለ። ከዚያ በኋላ የአምራቾች ማኅበር ተባለ፤ የቡናው ዋጋም ከላይ ተቈረጠ፤ ጓሮህን ከጎረቤትህ ጓሮ ጋር ደባልቅ የሚባልበት ጊዜም መጣ። ገበሬው ከባለመሬቱ ቢላቀቅ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተገናኘ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ፤ በብዙው የአገራችን ክፍል የአምራቾች ማኅበራት በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ያፈረሳቸውም ሠራዊት ሳይሆን የራሳቸው አባሎች ናቸው። አባሉ በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በቃ። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አሰጣጥ በታሪካችን አላውቅም፤ ኮሮጆ እንኳ አላስፈለገም።

የዛሬው ሕገ መንግሥትም፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፤ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ በአንቀጽ 40 ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ግን በንኡስ ቍጥር 7 ላይ፤ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ ማሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል። የሕግ ተማሪዎች ይህችን ንኡስ ቍጥር ልብ ብላችሁ እንድታነቧት እለምናለሁ። በጌዴኦ ምድር ቋሚው ማሻሻል ምንድን ነው? ጓሮው ራሱ አይደለምን?

የዕለት ኑሮውን ፖለቲካ እንመልከት። ነፃነት የሚጠፋው ሁልጊዜ በታንክ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚጠፋው «ነገ ና» በሚል ቃል ነው። እኔ ራሴ ከአንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ማኅተም ለማስመታት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ፤ ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይም ጋብዞኛል፤ ነገር ግን የእኔ ሦስት ሳምንት ለእርሱ ምንም አልነበረም። «አንድ ለአምስት» የሚባለውን አደረጃጀትስ ታስታውሳላችሁ? ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያስተባብር ተብሎ ተጀመረ፤ በኋላ ግን ቡና ሲጠጡ እንኳ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። አቦሉ በጸጥታ፤ ቶናው በጸጥታ፤ በረካውም በጸጥታ። አንድ መንግሥት የጀበናውን ወሬ ከሰማ በኋላ የሚሰማው ምን ቀረው?

ጌዴኦ ስብሰባ አያውቅም ነበር የሚል ካለ ሶንጎን አላየም። በሶንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፤ ተበደልኩ ያለውም በደለ የተባለውም እስኪጨርስ ይሰማሉ፤ ነገሩ ስምምነት እስኪገኝ ይጐተታል። አዎን፤ ይረዝማል። ሴቶችና ወጣቶች የሚገባቸውን ቦታ አላገኙበትም፤ ይህ መጐንደል ያለበት አሮጌ ቅርንጫፍ ነው፤ ቀንበጡንም የምትተክሉት እናንተ ናችሁ። ሆኖም በሶንጎ የሚቀመጠው ሰው ነገ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ገበያ እንደሚገናኝ ያውቃል። በስልክና በደብዳቤ የሚወስነው ሰው ይህን አያውቅም።

ዕውቀቱ በጐደለበት ጊዜ የሆነውን አይተናል። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. መካከል በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የጉጂው ወተትና ቅቤ፤ የጌዴኦው ቆጮና ቡና ሲለዋወጡ የኖሩ፤ የተጋቡም ሰዎች ነበሩ። ተጠያቂውን ዘርዝሬ አልፈርድም፤ ይህ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እላለሁ፤ ሰው ሁሉ በካርታ ላይ ባለው ቀለም ብቻ መቈጠር ከጀመረ፤ ጎረቤትነት የሚባለው መብት መዝገብ አይኖረውም። ጎንዶሮ የሚባለውን የዕርቅ ሥርዓት ሁለቱም ሕዝቦች ያውቁታል፤ የትኛውም ሚኒስቴር አልፈጠረላቸውም።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልድረስ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዓለም ያመሰገነው ግን ማንንም ሳይሆን፤ ማንም ሳያዘው የተከለውን ገበሬ ነው። የእኔ ሥጋት ከእንግዲህ የሚመጣው ደንብ ነው። ዛፍ ለመቍረጥ ፈቃድ፤ ጓሮ ለማደስ ኮሚቴ፤ ቤት ለመሥራት የባለሙያ ፊርማ ከተጠየቀ፤ ጌታው በገዛ ቅርሱ የሙዚየም ዘበኛ ይሆናል። በአንዳንድ ቦታ ባሕር ዛፍና ጫት እንሰቱን እየገፉት መሆኑን አያለሁ፤ አልወደውም። ነገር ግን ገበሬው ይህን የሚያደርገው ቡናው ሳያበላው ሲቀር ነው። ለቡናው የሚገባውን ዋጋ የሚያገኝ ሰው ዋንዛውን ለመጠበቅ ፖሊስ አያስፈልገውም። በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ በተደረገ ጊዜ፤ የብዙው ገበሬ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለ ነበር የጓሮው ስም በመንገድ ይቀር ነበር። ሕጉ በኋላ መላላቱ መልካም ሆነ። ቅርስ ጠባቂዎቻችን ከደንብ በፊት ይህን ቢያስቡ እወዳለሁ።

ስለዚህ ለኅብረቱ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስለ ቅርሱ አጠባበቅ ውይይት ብታዘጋጁ፤ ከቡሌ፤ ከወናጎና ከኮቸሬ ገበሬዎች ይጋበዙ፤ ሴቶችም ይኑሩባቸው፤ ቆጮውን የሚያዘጋጁት እነርሱ ናቸውና። በጌዴኡፋ ይናገሩ፤ ከእናንተ ቋንቋውን የሚያውቅ ያስተርጕም። የፊት ወንበሮች ለእነርሱ ይያዙ፤ ባለሙያዎቹና እንደ እኔ ያለው ተናጋሪ ከኋላ እንቀመጥ፤ ጥያቄ ካለንም እነርሱ ከጨረሱ በኋላ እንጠይቅ።