ዝም ያለ ሁሉ አልሰማም ማለት አይደለም

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ለሰው ልጅ ከተሰጡት ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ስለሆነው፣ ሆኖም እስክናጣው ድረስ ስለማናስበው ስለ ንቃተ ሕሊና ነው። የምናየውን እንድናውቅ፣ የምንሰማውን እንድንረዳ፣ «እኔ» ብለን ራሳችንን እንድንለይ የሚያደርገን ይህ ጸጋ በመሣሪያ ሊለካ ይችላልን?

ጥያቄው የምሁራን ብቻ አይደለም። በመኪና አደጋ ወይም በአንጎል ደም መፍሰስ ራሱን ስቶ የተኛ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ በሕመምተኛው ራስጌ ቆሞ «ይሰማን ይሆን?» ይላል። መልሱም ብዙ ነገር ይወስናል።

አንጎላችን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። እነዚህ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 እ.ኤ.አ. ይህን ኃይል ከሰው አንጎል ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ኢኢጂ የምንለው ምርመራ የመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው መንገድ ኤምአርአይ በተባለው ትልቅ ማግኔት የሚሠራው ነው። ሥራ የበዛበት የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ይፈስለታል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ አይቶ የትኛው ክፍል እየሠራ እንደሆነ ያመለክታል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ይፋ ያደረጉት ነገር ብዙዎችን አስደነቀ። አንዲት የ23 ዓመት ወጣት በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ ነበር። ዐይኗ ይገለጣል፤ ትተኛለች፣ ትነቃለች፤ ነገር ግን ለሚያናግራት ሁሉ ምንም ምላሽ አልነበራትም። ተመራማሪዎቹ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አሏት። ቀጥለውም «በቤትሽ ክፍሎች ውስጥ ስትዘዋወሪ አስቢ» አሏት። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ጊዜ የሠራው የአንጎሏ ክፍል ጤነኛ ሰዎች ያንኑ ሲያስቡ ከሚሠራው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሱብሐነላህ! እጇን ማንሳት ያልቻለችው ልጅ ትሰማ ነበር፤ ትታዘዝም ነበር።

በ2010 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅና በቤልጂየም ከተማ በሊዬዥ 54 ሕመምተኞች ተመረመሩ። አምስቱ በፈቃዳቸው አንጎላቸውን ማሠራት ቻሉ። አንዱ ደግሞ «አዎ» ለማለት ቴኒስን፣ «አይደለም» ለማለት ቤቱን እያሰበ ጥያቄዎችን መለሰ።

በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ሰፊ ጥናት ደግሞ ለሚያናግራቸው መልስ የማይሰጡ 241 ሕመምተኞችን አካቷል። በ60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት በአንዱ ያህል፣ አንጎላቸው ትእዛዝ እንደሚከተል ታየ። በዚያው ጥናት ትእዛዝ ሰምተው በግልጽ መልስ ከሚሰጡት 112 ሰዎች ምርመራው ምላሽ ያገኘው በ43ቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው «አላገኘሁም» ቢል ሰውየው አይሰማም ብሎ መደምደም አይቻልም።

ታዲያ ንቃተ ሕሊና ምንነቱ ታወቀ ማለት ነው? አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሁለት ታዋቂ ንድፈ ሐሳቦችን በ256 ሰዎች ላይ አፎካክሮ ነበር፤ ሁለቱም በዋና ዋና ትንበያዎቻቸው ላይ ፈተና ገጠማቸው። መሣሪያው የሚለካው ደምንና ኤሌክትሪክን ነው። ሰው ሲያውቅ አንጎሉ ምን እንደሚሠራ ያሳያል፤ ከሥጋና ከደም እንዴት «እኔ» የሚል ግንዛቤ እንደሚገኝ ግን አልነገረንም። ስለ ሩሕ በሱረቱል ኢስራእ የተሰጠውን መልስ የምናውቅ ሰዎች በዚህ አንደነግጥም፤ ምርመራውንም አንጠላም። የሚለካው ይለካ፤ የማይደረስበትን ደርሰንበታል አንበል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ መሣሪያ በአብዛኛው በጥቂት የምርምር ማዕከላት ብቻ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ያለ መሣሪያም ብዙ ይገኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ የቤልጂየም ጥናት ንቃተ ሕሊና የላቸውም ከተባሉ 44 ሕመምተኞች 18ቱ በጥንቃቄ ሲመረመሩ መጠነኛ ንቃት እንዳላቸው ታወቀ። ምርመራው የተደረገው እዚያው አልጋቸው አጠገብ፣ በዐይንና በጆሮ ነው።

እንግዲህ ራሱን የሳተ በሽተኛ ስንጠይቅ በስሙ እንጥራው። ማን እንደመጣ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ እንንገረው። ዱዓችንን ጆሮው አጠገብ እናድርግለት። ስለ ውርስ፣ ስለ ሕክምናው ወጪ፣ ስለ ቀብሩ በራስጌው አንነጋገር። ዐይኑ ሰው ተከትሎ ከዞረ፣ ጣቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ሰዓቱን ይዘን ለሐኪሙ እንንገር፤ ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት ያላየውን ሌሊቱን አብራው ያደረች እናት ልታይ ትችላለችና። የአንጎል ሞት ግን ከዚህ የተለየ ነውና እርሱን ለሐኪሞች ምርመራ እንተወዋለን።

የታመመን መጠየቅ ሐቅ ነው፤ ጠይቀነው መልስ ባይሰጠን ሐቁ አይቀርም። አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎችንም ሰብር ይስጣቸው።